ደንገል ውሃ ሲጠጣ

የዘጌዋ ጀልባ ሰው እስክትይዝ ድረስ
ጊዜ አለን፤ ይበቃል አንድ ጦር ለመደምሰስ።
ወንበሯ አሥራ ሁለት፣ ጨዋታውም ያው ነው፤
በቆረጥሁት ትኬት ልክ ነው የምንዋጋው።
ተሳፋሪው በሰጠኝ በብሩ ላይ ያለው
ቁጥር ጎዶሎ ካለቀ፣ ነፋሱ የእንድሪስ ነው፤
ሙሉ ከሆነ የእኔ።

ካርቶኑን ዘረጋሁት ከዘንባባው ሥር፤
ጀርባው «ሳሙና፣ ፀሐይ አይንካው» ይላል፤ ፊቱ ሀገር።
ሐይቁን በእስክሪብቶ ሰማያዊ ቀባሁት፣
ቀለም አልቆብኝ ደቡቡን በአረንጓዴ ጨረስሁት።
ደቅ አለች መሃል ላይ፣ የሻይ ብርጭቆ ክብ፤
ቁንዝላ፣ ደልጊ፣ ዘጌ፣ እያንዳንዱ አንድ ነጥብ።
ወታደሩ ቆርኪ ነው፤ የእሱ የአምቦ ውሃ፣
የእኔ የቢራ ነው፣ የሰከረ ድሃ።

መነሻው «ቢሆን ኖሮ» ነው። በዚህ ካርቶን ላይ
ጎንደር አልተቆረቆረችም፤ ግንብ አልነካም ሰማይ።
ነገሥታቱ ከጎርጎራ ንቅንቅ አላሉም፣
ፈረስ አልወደዱም፣ ደጋ አልናፈቁም፤
ዙፋናቸው እርጥብ፣ ከውሃው ዳር ሠፍረው፣
ግብራቸውን በዓሣ፣ በመረብ አስገብረው።
የባሕሩም ደጃዝማች፣ በዚሁ በ«ቢሆን»፣
ደንገል የሚያስረው ነው፤ የእንድሪስ ወገን።

እኔ ሸፍቻለሁ። ፈረሰኞች ነን፣
ዙፋኑን ከውሃ ወደ ደጋ ልንጭን።
ሦስት ቆርኪ በሰሜን ካርቶኑን ካለፈ፣
የሆነው ይሆናል፤ ታሪክ እንደ ተጻፈ።

እንድሪስ የታንኳ ሠሪ ልጅ ነው፤ ዛሬ ግን የሚያስረው
ስንዝር የማይሞላ፣ መደርደሪያ ላይ የሚያምረው፣
ለእንግዳ የሚሸጥ። ትልቁን ትቷል፤
ደንገሉ በነበረበት ሆቴል በቅሏል።

መጀመሪያ የጻፍሁት ሕግ ልክ አልነበረም።
«ታንኳ» አለኝ፣ «ባሕር ላይ ሰንብቶ አይኖርም፤
ደንገል ውሃ ይጠጣል። ይከብዳል። ይሰምጣል።
ወጥቶ፣ ተገትሮ፣ ፀሐይ መሞቅ ይሻል።»
ከዚያ ወዲህ ሕጉ ተጻፈ በእርሳስ፦
ከሦስት ዙር በኋላ ታንኳ ዳር ይመለስ።

ቄሱ ከፈሉ፦ ሰባት። ነፋሱ ለእሱ ሆነ፤
አራት ታንኳ ላከ፣ ውሃውን አፈነ።
ባለ ዶሮዋ፦ ሁለት። ከዘጌ ተነሣሁ፣
በቁንዝላ ሾልኬ አንድ ቆርኪ አወጣሁ።
ሁለት ተማሪዎች፣ አራትና ስድስት፤
ሁለተኛው ቆርኪ ደልጊን አለፈ በፍጥነት።
ያኔ እንድሪስ ታንኳውን ሁሉ ሰብስቦ
ደቅ ላይ ገተረው፣ እንደ አጥር ከብቦ።
«ሸሸህ ወይ?» አልሁት። በመፋቂያው ጥርሱን ይፍቃል።
አንድ ቆርኪ ቀርቶኛል፤ ካለፈ ግንቡ ይሠራል።
በባዶው ሐይቅ መሃል ሠራዊቴን ለቀቅሁ፣
ሁሉንም በአንዴ፤ ከዳርቻውም ራቅሁ።

ያኔ ቆጠርሁ። ሦስት። የእኔ ሰው ረጥቧል፣
መሃል ባሕር ላይ ነው፤ የእሱ ደርቆ ቀሏል።
የሸሸ መስሎኝ ነበር፤
ያሰጣ ነበር።

አሥራ አንደኛው ብር ላይ ዘጠኝ ነው፤ አለቅሁ።
የሰከረ ድሃዬን ከካርቶኑ ለቀምሁ።
ዙፋኑ ውሃ ዳር ቀረ። ጎንደር የለችም።
እንድሪስ ደጃዝማች ነው፤ ፊቱ ግን አልፈካም።
ቀና ብሎ አየ። አጥሩ እንዳለ ነው፤
የሆቴሉ ዘበኛም «ተነሡ» ነው የሚለው።
አሥራ ሁለተኛው መጣ፣ እየሮጠ፣ ብሩን በጥርሱ ይዞ፤
ቁጥሩን አላየሁትም።

ማታ ቆርኪ ስቆጥር አንድ የአምቦ ጎደለ።
አልጠየቅሁም።
ሲነጋ፣ እንደ ወትሮው ካለ
ከሚሸጥበት ድንጋይ፣ ከታናናሾቹ መሃል
አንዷ ታንኳ ቆማለች፤ ከሆዷ ቆርኪ ያበራል።
እንግዳው አነሣት፣ «ስንት ነው?» አለና።
«ይቺ አትሸጥም» አለው፣ ከእጁ ተቀበለና።
«ለምን?»
ወደ ፀሐይ መለሳት፣ ድንጋዩን አስደግፎ፤
«ገና አልደረቀችም።»